ፈጣኑን ጋርድ የሚያቆመው ፈጣን እግር ብቻ አይደለም

የቅርጫት ኳስ ግጥሚያ በተደረገ ማግሥት በምግብ አዳራሹም በመኝታ ቤቱም አንድ ዓይነት ክርክር ይሰማል። ቡድናችን ተሸንፎ እንደ ሆነ ምክንያቱ ሳይፈለግ ይገኛል፤ «የእነርሱ ጋርድ ፈጣን ነው፤ የኛው ልጅ ሊይዘው አልቻለም» ይባላል። ከዚያ በኋላ የዚያ «ሊይዘው ያልቻለ» ልጅ ስም ለሳምንት ያህል ከሻዩ ጋር አብሮ ይጠጣል። ፈራጁ ብዙ ነው፤ ጨዋታውን በጥሞና የተመለከተው ግን ጥቂት ነው።

በዚህ ጽሑፍ የምንቃወመው ይህንን ፍርድ ነው። ሐሳባችንም በአጭሩ ይህ ነው፤ ኳሱን እያነጠረ ጨዋታውን የሚመራው ፈጣን ጋርድ የአምስት ሰው ሥራ እንጂ የአንድ ሰው ዕዳ አይደለም። እርሱን ማቆምም የሚቻለው ከእርሱ የበለጠ ፈጣን ሰው በመፈለግ ሳይሆን፥ አምስቱ ተከላካዮች አስቀድመው በተስማሙበት ሥርዓት በመቆም ነው። ነገሩ የጨዋታ ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ የማኅበራችንን ወረቀትና ቀለም ባላባከንንበት ነበር። ነገር ግን በሽታው በትክክል ካልታወቀ መድኃኒቱም ይሳሳታል። በተሳሳተው ምርመራ ምክንያት አንዳንድ ጓደኞቻችን ከቡድን ይወገዳሉ፤ አንዳንዶቹም ለመመረጥ እንኳ ሳይሞከሩ ይቀራሉ።

ጉዳዩን ከቅርብ እናውቀዋለን። ከመካከላችን አያሌዎቹ በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ በብሥራተ ገብርኤል አካባቢ የሚኖሩ ሲሆኑ፥ ትምህርት በማይኖርበት ጊዜ ከሣር ቤትና ከመካኒሳ ከሚመጡ የሠፈር ወጣቶች ጋር በአንድ ቅርጫት ሥር ሦስት ለሦስት ይጫወታሉ። ከእነዚህ ወጣቶች አብዛኞቹ ቁመታቸው መካከለኛ ወይም አጭር ነው። ሆኖም ኳሱን ይዘው ፊት ለፊት ሲቆሙ ከኛ ረጃጅሞች ብዙዎቹ ያልባቸዋል። ይህ የሆነበት ምክንያት ሲመረመር ምንም ምሥጢር የለበትም። ዓለም አቀፉ የሦስት ለሦስት ሜዳ 15 ሜትር በ11 ሜትር ሲሆን በውስጡ ስድስት ሰዎች ይጫወታሉ፤ ለአንድ ሰው የሚደርሰው ስፋት 27 ካሬ ሜትር ተኩል ነው። በሙሉው ሜዳ ላይ ግን 28 ሜትር በ15 ከሆነው ስፋት ግማሹ ላይ አሥሩም ተጫዋቾች ሲሰበሰቡ ለአንዱ የሚደርሰው 21 ካሬ ሜትር ብቻ ነው። ደግሞም በሦስት ለሦስት ጨዋታ አጥቂው ቡድን ያለው ጊዜ 12 ሰኮንድ ነው፤ በአምስት ለአምስት ግን 24 ሰኮንድ ነው። እንግዲህ በሰፊ ቦታና በአጭር ጊዜ ያደገ ልጅ፥ በአንድ ወይም በሁለት ንጥረት ውስጥ ቆርጦ መወሰንን ይማራል። እ.ኤ.አ. በ2021 በቶኪዮ በተደረገው ኦሊምፒክ ይህ ጨዋታ ለመጀመሪያ ጊዜ ከውድድሮቹ መካከል ከገባ ወዲህ፥ የሠፈር ጨዋታ ብሎ መናቁ ከቶ አይገባም።

አሁን «ፍጥነት» የምንለው ነገር ምን እንደ ሆነ እንመርምር። ሀገራችን የሯጮች ሀገር ናት። አበበ ቢቂላ እ.ኤ.አ. በ1960 በሮም፥ በ1964 ደግሞ በቶኪዮ ማራቶንን ሲያሸንፍ፥ ደራርቱ ቱሉም በ1992 በባርሴሎና በ10,000 ሜትር ወርቅ ስታገኝ ዓለም አይቷል። ከዚህ የተነሣ ስፖርት ማለት መሮጥ፥ ልምምድ ማለትም ሜዳውን መዞር ይመስለናል። ተከላካያችን በተበለጠ ቁጥር «አሥር ዙር ሩጥ» ይባላል። ሩጫው ለትንፋሽ ይጠቅማል፤ ባለቤቱንም አይጎዳም። ነገር ግን ተከላካይ የሚበለጠው በ28 ሜትር ሩጫ ሳይሆን በመጀመሪያዋ አንዲት እርምጃ ነው። ጋርዱ ቆሞ ሳለ በድንገት ይነሣል፤ ወይም በዝግታ ሲመጣ ቆይቶ ፍጥነቱን ይለውጣል፤ ወይም ወደ ቀኝ ሄዶ በአንድ ጊዜ ወደ ግራ ይዞራል። ከእነዚህ አንዱም ቀጥ ብሎ በመሮጥ አይመለስም። ተከላካዩ የሚሄደው ወደ ጎንና ወደ ኋላ ነው፤ ጉልበቱን አጥፎ፥ ዳሌውን ዝቅ አድርጎ፥ እግሮቹን ሳያቆላልፍ ነው። ይህ ራሱን የቻለ ትምህርት ነው፤ በሩጫ ብዛት የሚገኝ አይደለም።

እግር ኳስ ስንጫወት ያደግን ሁላችን ግን የዚህን ትምህርት ግማሹን ሳናውቀው ተምረነዋል። ፈጣን የክንፍ ተጫዋች ኳስ ይዞ ሲመጣ ጥሩ የመስመር ተከላካይ ዘሎ አይገባበትም። እያፈገፈገ ያዘገየዋል፤ ከሜዳው መሀል እያራቀ ወደ ዳር መስመሩ ይገፋዋል፤ ረዳት እስኪደርስለትም ይታገሣል። ዘሎ የገባ ተከላካይ አንዴ ይቀማል፥ ሦስት ጊዜ ይታለፋል። ይህንን በእግር ኳስ ሜዳ አጥብቀን የምናውቅ ሰዎች፥ ኳሱ ወደ እጅ በተለወጠ ጊዜ ለምን እንደምንረሳው አይገባንም። በቅርጫት ኳስ ሜዳ ላይ ሁላችንም ቀማኛ ለመሆን እንሻለን፤ ተመልካቹም የሚያጨበጭበው ለቀማው ነው። ሰውየውን ሳያሳልፍ ለአሥር ሰኮንድ ያደከመውን ግን ማንም አያጨበጭብለትም።

ከዚህ ተነሥተን ወደ ዋናው ጉዳይ እንግባ።

በመጀመሪያ ርቀት ነው። ፈጣን ጋርድ ከሩቅ የመወርወር ችሎታ ከሌለው፥ ተከላካዩ ከክንድ ርዝመት በላይ አንድ እርምጃ ጨምሮ ቢርቀው ምንም አይጎዳውም። ያቺ አንዲት እርምጃ የአጥቂውን የመጀመሪያ እርምጃ ዋጋ ታሳጣለች። ከ6 ሜትር ከ75 ሳንቲ ሜትሩ ቅስት ውጭ ሆኖ አዘውትሮ የሚያገባ ከሆነ ግን መራቅ አይቻልም፤ መቅረብ ግድ ነው። ስለዚህ ከግጥሚያው በፊት «ፈጣን ነው ወይ?» ከማለት ይልቅ «ከሩቅ ያገባል ወይ? የሚተማመንበት እጁ የትኛው ነው? ወደ ግራ ሲሄድ ይጨርሳል ወይስ ያቀብላል?» ብሎ መጠየቅ ይሻላል። ይህንን ለማወቅ ሰላይ አያስፈልግም፤ ተጋጣሚያችን ከሌላ ጋር ሲጫወት አንድ ሰው ደብተርና እርሳስ ይዞ ቢቀመጥ ይበቃል። ተማሪዎች ነንና ማስታወሻ መያዝ አያቅተንም።

ሁለተኛው አቅጣጫ ነው። ጋርዱ መሀሉን ካገኘ በቀኝም በግራም የሚያቀብለው ሰው አለው፤ ቅርጫቱም ፊት ለፊቱ ነው። ወደ ዳር ከተገፋ ግን የሜዳው መስመር ራሱ ስድስተኛ ተከላካይ ይሆናል። ወደ መሀል ከተማ የሚያስገባውን መንገድ ዘግቶ መኪናውን በቀለበት መንገድ እንደ ማዞር ያለ ነው፤ መኪናው መሄዱን አይተውም፥ ነገር ግን ይዘገያል፥ የት እንደሚወጣም ይታወቃል። ቁም ነገሩ ግን የአቅጣጫው ምርጫ ሳይሆን የአምስቱ ስምምነት ነው። አንዱ ተከላካይ ወደ ዳር ሲገፋ ከኋላ ያሉት ወደ መሀል ይመጣል ብለው ከቆሙ፥ ትክክለኛ ሥራ የሠራው ልጅ እንደ ተበለጠ ይቆጠራል። በማግሥቱ በሻይ ቤት የሚፈረድበትም እርሱ ነው።

ሦስተኛው መመለስ ነው። ፈጣን ጋርድ ከሁሉ የሚበልጠው ተከላካዮቹ ተሰልፈው በቆሙ ጊዜ ሳይሆን ገና ሳይመለሱ ነው። ቡድናችን ሲወረውር አምስቱም ኳሱ ይገባል አይገባም ብለው ቆመው ካዩ፥ ኳሱን ያነሣው ጋርድ ባዶ ሜዳ ያገኛል። ባዶ ሜዳ ላይ የሚይዘው ተከላካይ በዓለም አልተፈጠረም። ስለዚህ በወረወርን ቁጥር ሁለት ሰዎች ወደ ኋላ ይመለሱ፤ ሦስቱ ለሪባውንድ ይታገሉ። ከተመለሱት አንዱ ቅርጫቱን ይጠብቅ፥ ሁለተኛው ኳሱን የያዘውን ያስቁም። ይህ ተሰጥኦ አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው ልማድና ትሕትና ብቻ ነው። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» እንደሚባለው፥ ከኋላ እየሮጡ የሚሰለፉት መከላከያ ወዲያው ይፈርሳል።

አራተኛው ሰዓቱን ማስበላት ነው። ሕጉ ኳሱን በ8 ሰኮንድ ውስጥ ከሜዳው ግማሽ እንዲያሳልፉ፥ በ24 ሰኮንድ ውስጥም እንዲወረውሩ ያዛል። ብዙዎቻችን በሙሉ ሜዳ መጫን ማለት ኳስ መንጠቅ ይመስለናል። የመጫን ዋነኛ ጥቅሙ ግን ጊዜ ማስበላት ነው። ተከላካዩ ጋርዱን በራሱ ግማሽ ሜዳ ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ አቅጣጫ እንዲለውጥ ካስገደደው፥ ሳይነካው ስድስትና ሰባት ሰኮንድ ያስበላዋል። ቀሪው ጊዜ ሲያጥር የፈጣኑ ልጅ ምርጫም ያጥራል። ደግሞም እያንዳንዱ ዙረት ከትንፋሹ ላይ ይቀነሳል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ ከተማ ስለ ሆነች፥ እዚህ ለተወለደም ቢሆን በአጭር ጊዜ ተደጋግሞ የሚደረግ ፈጣን እንቅስቃሴ ቶሎ ያደክማል። በመጀመሪያው ሩብ ምንም ያላመጣ የሚመስለው ዙረት በአራተኛው ሩብ ዋጋውን ይከፍላል።

አምስተኛውና ከሁሉ የሚበልጠው እርዳታ ነው። አባቶቻችን «ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ» ያሉት ለዚህ የተነገረ ይመስላል። ጋርዱ የፊተኛውን ተከላካይ ማለፉ አይቀርም፤ በአንድ ግጥሚያ ውስጥ ደጋግሞ ያልፈዋል። ጥያቄው «ለምን አለፈው?» ሳይሆን «ካለፈው በኋላ ማንን አገኘ?» የሚለው ነው። ኳሱ በቀኝ በኩል ሲሆን በግራ በኩል ያለው ተከላካይ የራሱን ሰው ሙጥኝ ብሎ መቆም የለበትም፤ አንድ እግሩን ወደ መሀሉ አስገብቶ፥ ኳሱንም ሰውየውንም በሚያይበት ቦታ መቆም አለበት። ረጅሙ ተጫዋችም ቦታው ቅርጫቱ አጠገብ ነው። በአሜሪካ የኤን ቢ ኤ ጨዋታ ተከላካይ የሚይዘው አጥቂ በቅርቡ ሳይኖር ከሦስት ሰኮንድ በላይ በቅርጫቱ ሥር እንዳይቆም የሚከለክል ሕግ አለ፤ እኛ በምንጫወትበት በዓለም አቀፉ የፊባ ሕግ ግን የሦስት ሰኮንዱ ክልከላ ለአጥቂ እንጂ ለተከላካይ አይደለም። ከቴሌቪዥን ብቻ የተማሩ አንዳንድ ወንድሞቻችን ይህንን ሳይለዩ ቅርጫቱን ባዶ ትተው ይወጣሉ፤ የተፈቀደላቸውን ጥቅም በፈቃዳቸው ይጥላሉ። ደግሞም የረዳው ሰው የራሱን አጥቂ ትቶ ስለሚመጣ፥ ሦስተኛው የእርሱን ቦታ ሊሸፍንለት ይገባል። አንዱ ሲንቀሳቀስ አምስቱም ካልተንቀሳቀሱ እርዳታው ቀዳዳ ሸፍኖ ሌላ ቀዳዳ መክፈት ይሆናል።

እርዳታ ደግሞ ያለ ድምፅ አይሆንም። የኛ ቡድኖች ሲከላከሉ ቤተ መጻሕፍት የገቡ ይመስላሉ። ከብሥራተ ገብርኤል በታክሲ የሚሳፈር ሁሉ ረዳቱ «ሣር ቤት! ሣር ቤት!» ሲል ይሰማል። ረዳቱ የሚጮኸው ታክሲው ከመድረሱ በፊት ነው፤ ካለፈ በኋላ ቢጮህ ማን ይሳፈርለታል? ተከላካይም እንደዚሁ ነው። «በግራህ ሰው ቆሞብሃል»፥ «እኔ አለሁ»፥ «ቀይር» የሚሉት ቃላት ሰኮንድ ቀድመው ከተነገሩ ፈጣኑን ልጅ ያዘገያሉ፤ ሰኮንድ ዘግይተው ከተነገሩ ወቀሳ ብቻ ይሆናሉ።

በተለይም ድምፅ የሚያስፈልገው አንድ አጥቂ በተከላካያችን መንገድ ላይ እንደ ግድግዳ ቆሞ ለጋርዱ መንገድ ሲከፍትለት ነው፤ ይህንንም ተጫዋቾች ስክሪን ይሉታል። ለዚህ አንድ ብቻ መልስ የለውም። ጋርዱ ከሩቅ የማያገባ ከሆነ ተከላካዩ ከግድግዳው ኋላ በኩል አልፎ ይጠብቀው፤ የሚያገባ ከሆነ ግን ከግድግዳው በላይ ተጣብቆ ይከተለው፥ ረጅሙም እስኪደርስ ድረስ ወደ ኋላ ብሎ ቅርጫቱን ይጠብቅ። ሁለቱ ተከላካዮች ሰው ሊቀያየሩም ይችላሉ፤ ይሁን እንጂ ያን ጊዜ ረጅሙ ልጃችን ከፈጣኑ ጋር ብቻውን ሜዳ ላይ ይቀራል፥ እርሱም ራሱ የፈለገው ይህንኑ ነው። ሁለቱ በአንድነት ኳሱን የያዘውን ቢከቡትም ይቻላል፤ ነገር ግን የቀሩት ሦስቱ አራት ሰው እንደሚጠብቁ ማወቅ አለባቸው። የትኛውም ቢመረጥ ከግጥሚያው በፊት ይመረጥ። ግድግዳው ከቆመ በኋላ መመካከር ዘግይቷል።

«ዞን ብንጫወትስ?» የሚሉ አሉ። መልካም ሐሳብ ነው። ሁለቱ ከፊት ሦስቱ ከኋላ ሆነው ሰው ሳይሆን ቦታ ሲጠብቁ፥ ፈጣኑ ጋርድ አንዱን ቢያልፍ ሌላው ፊቱ ይቆማል። ሆኖም ዞን የሰነፎች መጠለያ አይደለም። ኳሱ ከሰው በላይ ይፈጥናልና፥ እነርሱ በደንብ ከተቀባበሉ ዳርና ዳሩ ይከፈታል፤ በሪባውንድም ጊዜ እያንዳንዱ የሚይዘው ሰው ስለሌለ ኳሱ በላያችን ይወሰዳል። ሌላም መላ አለ፤ አራቱ በአራት ማዕዘን ቆመው ቦታ ሲጠብቁ አምስተኛው አንዱን አደገኛ ተጫዋች ብቻ በሄደበት ይከተለዋል። እ.ኤ.አ. በ2019 በኤን ቢ ኤ ፍጻሜ በሁለተኛው ግጥሚያ መጨረሻ ላይ የቶሮንቶ አሰልጣኝ ኒክ ነርስ ይህንኑ ዘዴ በስቴፈን ከሪ ላይ አድርገውበታል፤ ከሪን ይከተል የነበረውም ከቡድኑ አጭር ተጫዋቾች አንዱ የሆነው ፍሬድ ቫንቭሊት ነበር። ብዙ ሰው ይህ ዘዴ ለትምህርት ቤት ልጆች ነው ብሎ ሳቀ። ቶሮንቶ ያንን ግጥሚያ 109 ለ104 ተሸነፈ፤ ከሪ ግን በአራተኛው ሩብ አንድም ነጥብ አላገባም። በመጨረሻም ቶሮንቶ ዋንጫውን 4 ለ2 በሆነ ውጤት ወሰደ። ዋንጫውን ያስገኘው ይህ ዘዴ ብቻ ነው አንልም፤ የተናቀ ዘዴና አጭር ሰው በትክክለኛው ሰዓት ምን ሊሠሩ እንደሚችሉ ግን ያሳያል።

ሌላም ምሳሌ እንጨምር። እ.ኤ.አ. በ2001 በተደረገው ፍጻሜ የፊላደልፊያው አለን አይቨርሰን፥ በዘመኑ እጅግ ፈጣን ከሚባሉት ጋርዶች አንዱ፥ በመጀመሪያው ግጥሚያ 48 ነጥብ አግብቶ ቡድኑን አሸናፊ አደረገ። በዚያ ምሽት የሎስ አንጀለስ ሌከርስ ተከላካዮች በሻይ ቤት ቢፈረድባቸው ኖሮ ሁሉም ከቡድን በተባረሩ ነበር። ሌከርስ ግን ቀጥለው የተደረጉትን አራት ግጥሚያዎች ሁሉ አሸንፈው ዋንጫውን ወሰዱ። አይቨርሰን ነጥብ ማግባቱን አልተወም፤ ያን ያህል ፈጣን ሰው ጨርሶ ማቆም አይቻልምና። የሚቻለው ነጥቡን በድካም እንዲያገኝ ማድረግ፥ ጓደኞቹም በነፃ እንዳይመገቡ መከልከል ነው። እንግዲህ ከኛም ተከላካይ የሚጠየቀው ይኸው ነው፤ ከዚህ የበለጠ ከእርሱ መጠበቅ ፍርደ ገምድልነት ነው።

ስለ እጅም አንድ ነገር ሳንል አናልፍም። እግሩ የዘገየ ተከላካይ እጁን ይልካል፤ ዳኛውም ያፏጫል። በአንድ ግጥሚያ አምስት ጥፋት የሞላበት ይወጣል፤ ቡድኑም በአንድ ሩብ ውስጥ አራት ጥፋት ከሞላ በኋላ በሚሠራው በእያንዳንዱ የመከላከል ጥፋት ተጋጣሚው ሁለት የቅጣት ውርወራ ያገኛል። ፈጣኑ ጋርድ ይህንን ያውቃል፤ ሆን ብሎም እጃችን እንዲነካው ይመጣል። ያን ጊዜ ሳይደክም፥ ማንም ሳይከላከለው፥ ሰዓቱም ቆሞ ነጥብ ይሰበስባል። «ጠንከር ብለህ ያዘው» እያሉ ከዳር የሚጮኹ ደጋፊዎች ልጁን ወደ ተቀያሪ ወንበር እየላኩት መሆናቸውን ይወቁ። ጥንካሬ ማለት ደረትን ፊቱ ላይ ማቆም እንጂ ክንዱን መጎተት አይደለም። በሲሚንቶና በአስፋልት ሜዳ ለምንጫወት ለኛ ደግሞ ጉዳዩ የጤናም ነው፤ በበጋ አቧራው፥ በክረምት እርጥበቱ ያንሸራትታል፤ በሩጫ ላይ ያለን ሰው መጎተትም ጉልበትና ክንድ ያስሰብራል።

በመጨረሻም መከላከል የሚጀምረው ስናጠቃ መሆኑን እናስታውስ። በችኮላ የተወረወረ ኳስ ለፈጣኑ ጋርድ የተላከ ስጦታ ነው፤ የሚሻውን ባዶ ሜዳ ይከፍትለታልና። በእርጋታ ተቀባብለን፥ ኳሱን በሚገባ ቦታ ከወረወርን ግን ለመመለስ ጊዜ እናገኛለን። ደግሞም እርሱ ራሱ እንዲከላከል እናድርገው። በእርሱ በኩል እንሂድበት፤ ግድግዳ እናቁምበት፤ ይሩጥ፥ ይገፋ፥ ይድከም። ብዙ ቡድኖች ፈጣናቸውን በመከላከል ጊዜ ይደብቁታል፤ የተደበቀበትን ፈልጎ ማግኘት የኛ ፈንታ ነው።

«ይህ ሁሉ በወረቀት ላይ ያምራል፤ እኛም ፈጣን ጋርድ ቢኖረን ግን ይህ ሁሉ አያስፈልግም ነበር» የሚል ይኖር ይሆናል። መልሳችን ሁለት ነው። አንደኛ፥ ፈጣን ጋርድ ቢኖረን እንኳ አምስቱን ሰዎች የሚተካ አይሆንም፤ ሲደክም ወይም አምስት ጥፋት ሲሞላበት ወደነበርንበት እንመለሳለን። ሁለተኛ፥ ፈጣኖቹ አሉ፤ ያልተገኙት ስላልተፈለጉ ነው። የቡድን ምርጫ በሚደረግበት ቀን መራጮች በመጀመሪያ የሚያዩት ቁመትን ነው። ቅርጫቱ በ3 ሜትር ከ5 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ላይ ስለሚሰቀል ቁመት መጥቀሙ አይካድም። ነገር ግን በአንድ ቡድን ውስጥ አምስት የሪባውንድ ሰዎች አያስፈልጉም። አንድ አጭር የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ከዳር ቆሞ ኳሱ እስኪመጣለት ሲጠብቅ፥ ሁለት ጊዜ ሳይነካው ምርጫው አልቆ ወደ መኝታ ቤቱ ሲመለስ ያየነው አንድ ጊዜ ብቻ አይደለም። ያ ተማሪ ምናልባት በብሥራተ ገብርኤል ወይም በመካኒሳ ሜዳ ላይ ፈጣኖችን ሲከላከል ያደገ ሊሆን ይችላል። ማን ጠየቀው? እኅቶቻችንም በዚህ ረገድ በይበልጥ ተበድለዋል፤ ለወንዶቹ ሜዳ የሚሰጥበት ሰዓት ለእነርሱ ሲሆን «የተረፈ» ሰዓት ይሆናል። ወደ ጎን መንሸራተትና በአንድነት መከላከል የጡንቻ ብዛት ስለማይጠይቅ፥ ከሁሉ ፈጥኖ የሚሻሻለውም ምናልባት የእነርሱ ቡድን ይሆን ነበር።

ስለዚህ የማኅበራችንን የስፖርት ኮሚቴ፥ አሰልጣኞችንና መምህሮቻችንን በአክብሮት የምንጠይቀው ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፥ በየልምምዱ ከጊዜው ግማሹ ለመከላከል ይሁን፤ ከዚያም ውስጥ በየቀኑ ቢያንስ ሃያ ደቂቃ ኳስ ሳይያዝ ስለ መቆም፥ ስለ መንሸራተት፥ ስለ መመለስና ስለ መነጋገር ብቻ ይዋል። ሁለተኛ፥ የቡድን ምርጫ በቁመት ሳይሆን በጨዋታ ይሁን፤ የሚመጣው ሁሉ በሦስት ለሦስት ተከፍሎ ይጫወት፥ መራጮችም ያገባውን ብቻ ሳይሆን ያስቆመውንና የረዳውን ጭምር በደብተር ይመዝግቡ። ሦስተኛ፥ ለሴቶች ቡድን እኩል የሜዳ ሰዓት ይሰጥ፤ የክብር ሰዓት እንጂ የተረፈ ሰዓት አይሁን። ከእነዚህ አንዱም አዲስ በጀት አይጠይቅም። አዲስ ሜዳ፥ አዲስ ኳስ፥ ከውጭ የሚመጣ አሰልጣኝ አልጠየቅንም። የጠየቅነው ጊዜንና ፍርድን ማስተካከል ብቻ ነው።

ለእኛ ለደጋፊዎችና ለተመልካቾችም ድርሻ አለን። በሚቀጥለው ግጥሚያ ፈጣኑ ጋርድ የኛን ልጅ አልፎ ሲያገባ፥ ዓይናችንን ከታለፈው ልጅ ላይ አንሥተን ወደ ቀሩት አራቱ እንመልከት። ማን ተመለሰ? ማን ጮኸ? ማን አንድ እግሩን ወደ መሀል አስገብቶ ቆመ? ማንስ የራሱን ሰው ታቅፎ ቀረ? ይህንን ማየት ስንለምድ ጭብጨባችንም ወደ ትክክለኛው ሰው ይሄዳል፤ ጭብጨባው ወደሄደበትም ተጫዋቹ ይሄዳል። በማግሥቱ ሻይ ስንጠጣም የአንድ ልጅ ስም ከምናነሣ፥ አምስቱ የት ቆመው እንደ ነበር በስኳርና በብርጭቆ ጠረጴዛው ላይ እያሳየን ብንከራከር፥ ከተሸናፊነት ቢያንስ ትምህርት እናተርፋለን።